የጥላው ሒሳብ

ወልደገብርኤል ካልጋው ሲነሣ፣ ደንጊ አጥንቱን ፈትቶ ሲለቀው፣
ከዚራ ዛፍ ሥር፣ ከሲሚንቶው ወንበር፣ አንድ ነገር ነበር የምደብቀው።

ሠላሳ ዓመት ነው እዚያ የምንቀመጥ፣
ረምዚ፣ እሱና እኔ፤ ፀሐይ ስትገለበጥ፣
አስፋልቱ የቀኑን ወበቅ ሲተፋ በማታ፣
ስለ ፈጣሪ ነው የኛ ጨዋታ።

ረምዚ መግሪብ ሰግዶ ይመጣል፣ እግሩ ሳይደርቅ ገና፤
እኔ ከሠርክ ጸሎት፣ ነጠላዬን አጥፌ እንደገና።
ወልዴ ከየትም አይመጣም፤ እዚያው ነው፤ ይጠብቀናል።
«ምን አሉ? ስለኔ አልጠየቁም?» ይለናል።

ባቡር ጥገና ቤት ቶርኖ ላይ ያረጀ፣
እውነትን በካሊፐር ለክቶ የፈረጀ።
«ያልተለካ ነገር» ይላል «ለኔ ወሬ ነው»።
«ናፍቆትስ?» ስለው፣ «እሱ ወባ ነው»።

አንዳንዴ እንጣላለን። የምር።
አንድ ጊዜ ረምዚ ሁለት ወር ቀረ፤ በአንድ ቃል ነበር።
ቃሉን አልደግመውም።
ሲመለስ ሳምቡሳ ይዞ መጣ፤ ማን እንዳጠፋ ግን እስከዛሬ አልተስማማንም።

መስከረም ላይ ትንኝ ሰፈር ለሰፈር ስትዞር፣
ወልዴን ድል ጮራ አስተኙት፣ አልጋ ጠፍቶ ኮሪደር።
ድዱ ደማ። ዓይኑ ቀላ።
እጄን ይዞ፣ «አደራሽን» አለኝ፣ «እንዳልሰማ በኋላ፤
አትጸልዪልኝ። ብሞት እንደኖርኩ ልሙት።
በሰው ሬሳ ላይ አይጻፍም የሌላ ሰው እምነት።»

«እሺ» አልኩት።
እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ከበሩ፣ ከኒሙ ሥር፣ እግሬ ተብረከረከ፤
«የቁልቢው፣ እሱን አንሣልኝ፤ ጥላ አስገባለሁ» አልኩ፤
አፌ ሳያስፈቅደኝ ተንበረከከ።

ዳነ።
«ግሉኮስ ነው» አለ፣ «ደግሞም ኢክራም ነርሷ፣
ለኔ ስትል ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣች ለራሷ።»
ልክ ነው። እኔም አየኋት።
ስለቴስ? ከአፌ ወጥታለች፤ ወዴት ልመልሳት?

ከፋዩን ረምዚ ቆረጠው፣ መጋላ ካለችው ሱቁ፣
መርፌውን በጥርሱ ይዞ፣ ከከንፈሩ ሳይጠፋ ሳቁ፤
«ዘርፉ ስንት ዙር ይሁን?»
«ሦስት።»
«አንድ ይበቃል» አለኝ፣ «አንድ ነው የማውቀው»።
ሦስት ዙር ሰፋልኝ። ዋጋውን ግን የአንድ ዙር ነው የጠየቀው።

«ለወልዴ አትንገሪው» አለ፤ «ካላወቀ አይጎዳውም»።
እኔ ግን ያችን «እሺ» ውጬ መቀመጥ አልሆነልኝም።

ነገርኩት።
ዝም አለ። ለዚህ ካሊፐር የለውም። ሲጋራውን አጠፋ፤
ያ ቀልዱ፣ ያ የድሬ ልጅነቱ፣ ከፊቱ ላይ ጠፋ።
«እናቴም» አለ «ሳልወለድ ነው የተሳለችብኝ፤
ክረምት ሳልጠግብ አዝላ ቁልቢ የወሰደችኝ፤
ስሜን እንኳ እዚያ ነው ያገኘሁ።
ሁለት ጊዜ ተሳሉብኝ፤ ሁለቴም አልተጠየቅሁ።»

አቦ! ምን ይባላል?
«ወድጄህ ነው» ልለው ነበር፤ ዋጥኩት፤
እናቱም ወዳው ነበር። «ቃሌን በልቻለሁ» አልኩት።

ሦስት ማታ ረምዚና እኔ ብቻ ቁጭ አልን፤
እግዜርን የሚያነሣ ጠፋ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት፣ ከሌሊቱ አሥር፣ ጉልበቴን በፋሻ ጠምጥሜ፣
የደንገጎን መንገድ ስጀምር ጥላውን ተሸክሜ፣
አንድ ሰው ከኋላዬ፣ «አምጪው» አለ፤ «ዳገቱን መቼ ትችያለሽ።
እስከ ደንገጎ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያንቺው ነው፤ ታውቂያለሽ።»

ሄድን። ስለ ምንም አላወራንም።
ነጋ፤ ፀሐይዋ ከገደሉ አናት ብቅ አለች፣
ገና ከትኩሳት የተረፈ ራስ ቅሉ ላይ አረፈች።
ቆመ። ላቡን ጠረገ።
ሳይጠይቀኝ ጥላውን ገለጠው፤
ከፋዩ ተዘረጋ፤ ሦስቱን ዙር ዘርፍ ነፋሱ አወዛወዘው፤
የመልአኩን ጥላ፣ ገና ያልተባረከውን፣ ከካህናቱ ቀድሞ ወልዴ ያዘው።

አንዲት መነኩሴ አዩትና አማተቡ።
«ኃጢአት ነው?» አለኝ።
ላስብ ሞከርኩ። አላውቅም።
«ሳትጠይቀኝ ገለጥከው» አልኩት።
«አዎ» አለ። «እንዲህ ነው ስሜቱ።»

ትንሽ ወደኔ ዘንበል አደረገው።
ግማሽ ትከሻዬ ጥላ ሆነ፣
ግማሹ ፀሐይ።
ደንገጎ ገና ነው።